ልጃችሁ መቶ ከመቶ ያመጣል፤ «በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅስ ይችላል?



ዛሬ ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ መድኃኒት ብቻ አልጽፍም። ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ቁጣዬ ወላጆች ላይ ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤቶቻችንም፣ የራሴ ሙያም አይቀሩም። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ከዚያ ካልተስማማችሁ ኮሜንት ላይ ሞግቱኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት ተረኛ ሆኜ እያደርኩ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ድንገተኛ ክፍል ገባ። (ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው፣ ሆዱን ሲቆርጠው ከርሟል። ትንፋሹ ፈጣንና ጥልቅ ነው። አፉ እንደ በሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ስሙን ስጠራው ዓይኑን የሚገልጠው በግድ ነው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ 3 ዓመት ሆኖታል። ኢንሱሊኑን ካቆመ ደግሞ 4 ቀን።

ለምን አቆመ? እናቱ ስልኩን አውጥታ አሳየችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ሰው «ኢንሱሊን ቆሽትን ያሰንፋል፤ ይህን ቅጠል 7 ቀን ጠጡ፤ ከስኳር ትገላገላላችሁ» ይላል። ከሥሩ «ተባረክ»፣ «እኔ ድኛለሁ»፣ «አድራሻህን ላክልኝ» የሚል ኮሜንት ተደርድሯል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ተረፈ። ሲነቃና ሲበረታ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አወራን። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ነው። «ቆሽት ምን ይሠራል?» አልኩት። መጽሐፉ ላይ እንዳለ ቃል በቃል አነበነበልኝ። «ኢንሱሊንስ?» አሁንም አንድ ቃል ሳይስት። «ታዲያ ሰውየው ኢንሱሊን አቁሙ ሲል ምን አሰብክ?» አልኩት። ዝም አለ፤ ቀጥሎ «ዶክተር መስሎኝ ነበር» አለኝ።

እናቱ ደግሞ ይህን አለችኝ፦ «ዶክተር፣ እኔ አልተማርኩም። እሱ የተማረ ነው ብዬ እሱኑ ጠየቅኩት። እውነት ነው አለኝ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እናት የልጇን ትምህርት አመነች። ትምህርቱ ግን ባዶ እጁን ነበር የላከው።

ልጁ የተማረውን በትክክል ሠራ

ወላጆች፣ እውነቱን እንነጋገር። ይህን ልጅ ለዚህ ያበቃው ቪዲዮው ብቻ አይደለም። ዓመታት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መልስ መሸምደድ ተምሯል። «ይህ እውነት መሆኑ በምን ታወቀ?» ብሎ እንዲጠይቅ ግን ያስተማረው የለም። አስተማሪ ይናገራል፣ እሱ ይጽፋል፤ የጻፈውን ይሸመድዳል፤ ፈተና ላይ ይመልሳል፤ መቶ ያገኛል። ጋዋን የለበሰው ሰው ሲናገርም ያደረገው ይህንኑ ነው። የተናገረውን ተቀበለ። እኛ ያሠለጠንነው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥስ? «ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በል።» «አትመራመርብኝ!» እስቲ ቋንቋችንን ልብ በሉት። ቢሮ ውስጥ «ተመራማሪ» ክብር ነው፤ ቤት ውስጥ «አትመራመር» ተግሣጽ ነው። ልጁን ቤት ውስጥ እንዳይመራመር ከልክለን፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ተመራማሪ እንዲሆንልን እንጠብቃለን።

«ስልኩን እንቀማዋለን» የምትሉ አላችሁ። ቀሙት። ነገ ግን ያንኑ ወሬ ታክሲ ውስጥ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ይሰማዋል። ስልክ የሌላት አያቱም ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና ቀቡ ትላለች (ትክክለኛው ንጹሕ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውኃ ለ20 ደቂቃ ነው)። የውሸት መረጃ ከስልክ በፊትም ነበረ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለው ቲክቶክ ሳይመጣ ነው።

«የሚጠይቅ ልጅ ባለጌ ይሆናል»

ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። ባህላችን አይፈቅድም ይባላል። የትኛው ባህል?

የጥንት ችሎታችን «ተጠየቅ» እየተባባለ ነበር የሚሟገተው። ከሳሽም ተከሳሽም በአደባባይ ይጠያየቃሉ፤ ምስክር ይፈተናል። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል፤ ሰሙን ሰምቶ የማይረካ፣ ወርቁን የሚፈልግ አእምሮ ነው የሚሠራበት። የአበው ተረትም «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል። ይህ ሁሉ የኛ ነው። መጠየቅ ከውጭ የመጣ ብልግና አይደለም። ብልግና የሚሆነው አጠያየቁ ነው፤ እሱን ደግሞ ማስተማር ይቻላል። «እማዬ፣ ይሄ ነገር በምን ታወቀ?» ያለ ልጅ እናቱን አልሰደበም።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ቢልሃርዝያን ለማጥናት አድዋ ሄዱ። በሽታውን የሚያመጣው ትል፣ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ወንዝ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ማደግ አለበት። ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወደ ታች ሲል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንደሚበዙ አስተዋሉ። እንዶድን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰዎች ለዘመናት አጥበውበታል። እሳቸው ግን «ለምን እዚህ ብቻ?» ብለው ጠየቁ። ጠይቀውም አልቀሩም። የእንዶዱን አረፋ ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ላይ ሞከሩት። ሞቱ። ከዚያ ዓመታት የፈጀ ምርምር ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ የአገር ቤት እውቀት ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ሁሉም እውነት ደግሞ አይደለም። የሚለየው መሞከሩ ነው። ሁለተኛ፣ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚባለው ልክ አይደለም። እንዶድ ተፈጥሯዊ ነው፤ ቀንድ አውጣ ይገድላል።

ሊማሩት ይችላሉ ወይ?

«እነዚህ ሕፃናት ናቸው፤ ምርምር ምን ያውቃሉ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ኡጋንዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኡጋንዳ ውስጥ በ120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ10 ሺህ በላይ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ተካሄደ። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ በሥዕል ታሪክ መጽሐፍ እየታገዙ፣ እያንዳንዱ 80 ደቂቃ የሚፈጅ 9 ትምህርት በአንድ መንፈቅ ተማሩ፤ ሌሎቹ የተለመደውን ቀጠሉ። ትምህርቱ አንድ ሰው «ይህ ያድናል» ሲል እንዴት እንደሚመዘን ነው። ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ያስተማሩትም የራሳቸው የክፍል መምህራን ናቸው።

መጨረሻ ላይ ሁሉም ተፈተኑ። ከተማሩት ውስጥ 69 በመቶው የማለፊያ ነጥብ አገኙ፤ ካልተማሩት 27 በመቶው ብቻ። ውጤቱ በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከአንድ ዓመት በኋላ በድጋሚ ሲፈተኑም ልዩነቱ አልጠፋም።

የኡጋንዳ የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ የቻለውን የኛ ልጅ የማይችልበት ምክንያት የለም። ጎደለ ከተባለ የጎደለው የኛ ፈቃደኝነት ነው።

እኛ ሐኪሞችስ?

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። በሽተኛ «ይህ መድኃኒት ለምን ታዘዘልኝ?» ሲል የሚቆጣ ሐኪም አለ። እኔም ሰልፉ ሲረዝም ተቆጥቼ አውቃለሁ። ስህተት ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ከእናንተ መካከል «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ማን ነው? ትኩሳት ይዞት የሄደ ሁሉ ሁለቱንም ይዞ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚባለው ዊዳል እና ዌይል ፌሊክስ በተባሉ ምርመራዎች ነው። የመጀመሪያው ከ1896፣ ሁለተኛው ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው። ዊዳል ጀርሙን አያሳይም፤ ሰውነታችን ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው የሚለካው። ያ ንጥረ ነገር ድሮ ከያዘን በሽታ የተረፈ፣ ወይም በሌላ ጀርም ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ «ፖዘቲቭ» መሆኑ ብቻውን ታይፎይድ አለ ማለት አይደለም። የደም ካልቸር የተሻለ ነው፤ በየቦታው ግን አይገኝም።

ውጤቱ ምንድን ነው? ሰው ያለበቂ ምክንያት በየጥቂት ወሩ አንቲባዮቲክ ይወስዳል፤ ጀርሞች መድኃኒቱን ይላመዳሉ፤ የትኩሳቱ እውነተኛ ምክንያት ደግሞ ሳይታወቅ ይቀራል። አንድ ልጅ «ዶክተር፣ ይህ ምርመራ ስንት ጊዜ ይሳሳታል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ እኛም ተጠንቅቀን እንሠራ ነበር። የሚጠይቅ በሽተኛ ሐኪሙን ያሻሽላል። (ልብ በሉ፦ መድኃኒት ታዝዞላችሁ ከሆነ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።)

«ጠይቁ ስትሉ ክትባት የሚቃወም ይበዛል»

ይህ ከሁሉም ጠንካራው ክርክር ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼም ያነሱታል። ሰው ሁሉ «ራሴ መርምሬ ደረስኩበት» እያለ ልጁን ባያስከትብስ?

እኔ ግን መጠየቅንና መጠርጠርን አንለያይ እላለሁ። የሚጠረጥር ሰው መልሱን አስቀድሞ ይዟል። የሚጠይቅ ሰው መልሱን ይሰማል፤ ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል።

እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ብዙ ወላጅ ደነገጠ፤ ልጁንም ሳያስከትብ ቀረ። አሁን እንጠይቅ። ስንት ልጅ ነው ያጠናው? 12። ካልተከተቡ ልጆች ጋር አነጻጽሯል? የለም። ጥቅም ነበረው? አዎ፤ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ከሚዘጋጅ ጠበቃ ገንዘብ ይቀበል እንደነበረ አንድ ጋዜጠኛ አጋለጠ። መጽሔቱ ጽሑፉን በ2010 ሰረዘ፤ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ።

ያንኑ ጥያቄ ለሌላው ወገን እናቅርብ። በ2019 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ስንት ልጅ ተከታተለ? ከ650 ሺህ በላይ። የተከተቡትን ካልተከተቡት ጋር አነጻጽሯል? አዎ። ምን አገኘ? ክትባቱ ኦቲዝምን እንደማይጨምር።

አያችሁ? ሦስት ጥያቄ ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄ የሚያውቅ ልጅ ክትባት አይሸሽም። የሚሸሸው መጠየቅን ያልለመደው፣ የመጨረሻውን ድምፅ የሚከተለው ነው። ዛሬ እኔን ያለ ጥያቄ ያመነኝ ሰው ነገ ሌላውን ያለ ጥያቄ ያምናል። እኔ እንደዚያ ያለ እምነት አልፈልግም።

ከልጆቻችሁ ጋር የምትለማመዷቸው 5 ጥያቄዎች

ዛሬ ማታ እራት ላይ ጀምሩ። አንድ ቪዲዮ ወይም ማስታወቂያ ምረጡና አብራችሁ ጠይቁ፦

1. ማን ነው የሚናገረው? ጋዋን ዲግሪ አይደለም፤ ገበያ ይሸጣል። ሰውየው የት ይሠራል? ስሙ ቢፈለግ ይገኛል?

2. ምን ይጠቀማል? መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር አለ? ዕቃ ይሸጣል? ብዙ ሰው ባየው ቁጥር ገንዘብ ያገኛል? ጥቅም አለው ማለት ይዋሻል ማለት አይደለም፤ ማስረጃውን ጠበቅ አድርጉ ማለት ነው። ይህ ለመድኃኒት ኩባንያም፣ ለግል ክሊኒክም፣ ለኔም ይሠራል።

3. ከምን ጋር ተነጻጸረ? ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በ7 እስከ 10 ቀን በራሱ ይለቃል። በ5ኛው ቀን ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው በ8ኛው ቀን ሲሻለው ሽንኩርቱን ያመሰግናል። ምንም ያልበላው ጎረቤቱም እኮ በዚያው ቀን ተሽሎታል። «ወስጄ ዳንኩ» ማለት «ስለወሰድኩ ዳንኩ» ማለት አይደለም።

4. ስንት ሰው? አንድ የዳነ ሰው ይናገራል፤ ያልዳኑት ኮሜንት አይጽፉም። የሞተ ሰው ቪዲዮ አይሠራም።

5. ጉዳቱስ? ጥቅሙን ብቻ ነግሮ ጉዳቱን የዘለለ ሁሉ ግማሽ እውነት ነው የነገራችሁ። የሚሠራ ነገር ሁሉ የጎንዮሽ ጉዳት ሊኖረው ይችላል።

እነዚህ ጥያቄዎች ለጤና ብቻ አይደሉም። «የእነ እንትና ብሔር እንዲህ አደረገ» የሚል ፎቶ ሲመጣ፣ «በአንድ ወር ገንዘብህ እጥፍ ይሆናል» ሲባል፣ «ቶሎ ለሁሉም አስተላልፉ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ሲደርስ ያው ናቸው። ማን ነው? ምን ይጠቀማል? ፎቶው የመቼና የየት ነው? የውሸት መድኃኒት አንድ ልጅ ያሳምማል፤ የውሸት ወሬ ሰፈር ያቃጥላል።

የምጠይቃችሁ

ወላጆች፦ ልጃችሁ ሲጠይቅ መልሱን ካላወቃችሁ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» በሉ። ይህ ክብራችሁን አይቀንስም። ልጁ ሲመለስ «ስንት አገኘህ?» ብቻ አትበሉት፤ «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» በሉት።

መምህራን፦ ክፍሉ ጠባብ፣ ተማሪው ብዙ፣ ደመወዙ ትንሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም በሳምንት 20 ደቂቃ ስጡ። አንድ የተሳሳተ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጻፉና «ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» በሉ። ፈተና ላይም አንድ «በምን ታወቀ?» የሚል ጥያቄ ጨምሩ። የማይፈተን ነገር አይጠናም።

የጤና ባለሙያዎች፦ ለጥያቄ ሁለት ደቂቃ እንስጥ። እኛ ያልመለስነውን ቲክቶክ ይመልሰዋል።

እኔን ጨምሮ ማንም ከጥያቄ ነፃ አይደለም። እዚህ ገጽ ላይ የምጽፈውን ሁሉ በእነዚህ 5 ጥያቄዎች መዝኑ። ስህተት ካገኛችሁ ንገሩኝ፤ አርማለሁ።

ልጁ

ከመውጣቱ በፊት አንድ ታሪክ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ በስኳር ሕመም ሊሞት የደረሰ አንድ ልጅ ኢንሱሊን ተወጋ። ሊዮናርድ ቶምፕሰን ይባላል፤ ዕድሜው 14 ነበር። የመጀመሪያው መርፌ ንጹሕ ስላልነበረ አልረዳውም። ተመራማሪዎቹ «ሠርቷል» ብለው አልዋሹም፤ መድኃኒቱን አጣርተው ከ12 ቀን በኋላ በድጋሚ ሰጡት። ያኔ ስኳሩ ወረደ። ከዚያ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «ሁለተኛው መርፌ እንጂ ሌላ ነገር እንዳልሆነ በምን አወቁ?» አለኝ።

ከወንበሬ ልነሣ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ነርሷ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። ሌሎች ልጆችም ሲወጉ እንደዚያው መሻላቸውን፣ ኢንሱሊኑ ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ መመለሱን አስረዳሁት። «እንደኔ» አለ። አዎ፣ እንዳንተ።

እናቱ ከጎኑ ተቀምጣ «ዶክተሩን አታድክመው» አለችው። «ተይው እናቴ፤ ይጠይቅ» አልኳት።

ማሳሰቢያ፦ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን በምንም ምክንያት ማቋረጥ የለበትም። ኃይለኛ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ልጅ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉ፤ ከማጋራታችሁ በፊት ግን እኔንም ጠይቁኝ።